ቆማ የምታንጎራጉር ላዳ

አዲስ አበባን በላዳ ዘመኗ የሚያውቅ ሰው ይህን አይረሳም፤ ላዳ ጉዷ የሚወጣው ስትሄድ ሳይሆን ስትቆም ነው። በመንገድ ላይ ነፋሱ፣ ጎማውና ጉድጓዱ ሁሉን ይሸፍኑላታል። ቀይ መብራት ላይ ደርሳ፣ ሾፌሩ ማርሹን ፎሌ አድርጎ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ግን ክሩስኮቱ መንዘር ይጀምራል፣ የበሩ መስታወት ይንቀጫቀጫል፣ ከኋላ ወንበር ስርም ምንነቱ የማይታወቅ ነገር ይጎረንናል። ብዙ ሾፌሮች መብራት ላይ ሞተር የሚያጠፉት ለቤንዚን ብለው እንደሆነ ይናገራሉ። ግማሹ ምክንያት ድምፁ ይመስለኛል።

አባቴ ባለ ላዳ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ መንግሥት ተለውጦ ከተማዋ በሚኒባስ ስትሞላ፣ እሱ ከሰማያዊና ነጭ ታክሲዎቹ አንዷን ይዞ ልደታ አካባቢ ኮንትራት ይጠብቅ ነበር። መኪናዋ የራሱ ነበረች። ሲሰማ ትልቅ ነገር ይመስላል፤ እኛ ቤት ግን የተበላሸው ሁሉ የሚሠራው ከቀለብ ላይ ተቀንሶ ነው ማለት ነበር። እራት ላይ ከትምህርታችን ይልቅ የመኪናዋ ጤና ይወራ ነበር።

ድምፁ የጀመረው ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። ስትሄድ ምንም የለባትም። ቆማ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ካለችው ትንሽ ሣጥን ክዳን «ዝርርር» የሚል ቀጭን ድምፅ ይነሳል። ከሱ ስር ደግሞ ሌላ አለ፤ በጆሮ ከመሰማቱ ይልቅ በመቀመጫው በኩል ወደ ወገብ የሚገባ፣ ድም ድም የሚል፣ ወፍራም። ክዳኗን በጣት ሲጫኗት ቀጭኑ ዝም ይላል፤ ወፍራሙ አይበገርም። ሁላችንም የምናሳድደው ቀጭኑን ነበር። የሚያናድደው እሱ ነዋ!

ኮንትራት የያዘ ሰው መብራት ላይ ሲቆም ሌላ ሥራ ስለሌለው ድምፁን ያዳምጣል። «ሾፌር፣ ይቺ ነገር ታደርሰናለች?» የሚል አይጠፋም። አንዲት እናት ቦሌ እስኪደርሱ ክዳኗን በመዳፋቸው ደግፈው መሄዳቸውን አባቴ እየሳቀ ነግሮናል፤ ሒሳብ ላይ ግን ለዚሁ ድካማቸው ሁለት ብር አስቀንሰውታል።

አባቴ መጀመሪያ በራሱ መንገድ ሞከረ። ካርቶን አጥፎ ከክሩስኮቱ ስር ጠቀጠቀ። ድምፁ ወደ በሩ ሄደ። ከአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ እየቆረጠ በበሩ ጠርዝ ላይ ለጠፈ። ድምፁ ወደ መሪው ዘንግ ተሰደደ። የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቁልል እኛ ቤት ያለቀው በዚያ ሰሞን ነው፤ መኪናዋ ውስጥ ከነበረው ወረቀት አንድ ወር ሙሉ የሚነበብ ይወጣ ነበር። እናቴ ነገሩ ሲበዛባት «ምናልባት የያዛት ነገር ካለ ጠበል አድርሳት» አለችው። እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ እሱ ግን ትንሽ አሰብ አድርጓል።

ከዚያ ጋራዥ ለጋራዥ መዞር መጣ። አንዱ ማርሚታው ነው ብሎ ማንጠልጠያ ጎማዎቹን ቀየረ። ሌላው ካርቡራተሩን አጠበ። ሌላውም ካንዴላ አስለወጠ። ነገሩን ያወሳሰበው የትኛውም ጥገና ጨርሶ አለመክሸፉ ነው። መኪናዋ ከጋራዥ ስትወጣ ዝም ትላለች። አባቴ ከፍሎ፣ መርቆ ይወጣል። ጥቂት ቀን ቆይታ ትጀምራለች። ያ ሁሉ ሰው አጭበርባሪ ነበር ማለት ይከብደኛል። የነኩት ነገር ሁሉ በርግጥ ድምፁን ያጠፋው ነበር፤ ለምን እንደሚያጠፋው ግን አንዳቸውም አላወቁም።

አሁን ሳስበው ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር አራት ሲሊንደር ካለው፣ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። ለላዳ የሚመከረው ሚኒሞ በደቂቃ ከ820 እስከ 900 ዙር ነው። 850 ላይ ብንይዘው በሴኮንድ 28 ያህል ምት ይሆናል። ሞተሩ ደክሞ 600 ላይ ሲወርድ 20 ብቻ። መኪናው ላይ ያለ ላሜራ፣ ክዳንና ቱቦ ሁሉ ደግሞ የራሱ የሆነ፣ ሲደርሱበት የሚጮህበት ፍጥነት አለው፤ ሠርግ ቤት ከበሮ ሲመታ የጎረቤት ብርጭቆ ከመደርደሪያው ላይ እንደሚንጫጫው ነው። ምቱ ከዚያ ፍጥነት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ክዳኗ ዝም ትላለች። ካርቡራተር ሲታጠብ ወይም ካንዴላ ሲታደስ ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ይላል። ድምፁ ሄደ ይባላል። የሄደ ነገር ግን የለም፤ ምቱ ሸሸት አለ እንጂ።

በዚህ መሃል አንድ ቀን አባቴ ናዝሬት ሰው አድርሶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ገባ። ናዝሬት መናኸሪያ አካባቢ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ምንም ድምፅ አልነበረም! ደብረ ዘይት ሲመለስም እንዲሁ። ቃሊቲን አልፎ ከተማ ሲገባ ግን የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ዝርርር። «የናዝሬት አየር ተስማማት» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀበት። የሚያሳቅ አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ የለመደውን ቤንዚን ይሰጣል። ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ በሚኒሞ ይንገዳገዳል። ናዝሬት 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አየሩ ወፈር ይላል፣ ድብልቁ ይስተካከላል፣ ሞተሩም ቀና ብሎ ይሠራል። አባቴ ሳያውቀው ጥሩ ፍተሻ አድርጎ ነበር የመጣው።

ይህን ወሬ ከቁም ነገር የቆጠሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ከቤታችን ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ በባሕር ዛፍ ቋሚና በቆርቆሮ የተሠራ ዳስ ስር የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። በልጅነታቸው ጣሊያን ጋራዥ ገብተው ብሎን በማጠብ የጀመሩ ናቸው። አባቴ ቀድሞ ወደሳቸው ያልሄደው ረጋ ብለው የሚሠሩ ስለሆኑ ነው፤ ባለ ታክሲ ደግሞ መኪናው ለምሳ እንዲደርስለት ይፈልጋል።

ጋሼ «ላዳ» የሚለውን ስም አፋቸው ላይ ማድረግ አይወዱም። «ይቺማ ፊያት ናት» ይላሉ። ውሸት የለውም። ፊያትና ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ተፈራርመው በቮልጋ ዳር ፋብሪካ ተተከለ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 መውጣት የጀመረችው የመጀመሪያዋ መኪናም የፊያት 124 ልጅ ናት። ፋብሪካው ያለባት ቶሊያቲ ከተማ ራሷ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያኑ የኮሚኒስት መሪ ከፓልሚሮ ቶሊያቲ ነው። ሩሲያውያኑ ግን ዝም ብለው አልገለበጧትም። ላሜራዋን አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን የዲስክ ፍሬን በታምቡር ለወጡት። ሞተሩንም ቀይረው ካምሻፍቱን ቴስታታው ላይ አስቀመጡት። ይህን ለጋሼ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሰሙት አይመስለኝም።

አባቴ በመጨረሻ መኪናዋን ይዞ ወደ ጋሼ ሲሄድ፣ ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር እኔም አብሬ ሄድኩ። ጋሼ ኮፋኖውን አላስከፈቱም። በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ መጠየቅ ጀመሩ።

«ጠዋት ሲቀዘቅዝ ነው የሚብሰው ወይስ ሲሞቅ?»

«ሲሞቅ ነው ጋሼ።»

«ማታ መብራት ስታበራስ?»

አባቴ አሰበ። «ይብሳል መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበለኝ ልጄ። ግባና አብራው።»

አበራ። ድምፁ ጨመረ። ዲናሞው ሲጫነው ሞተሩ ትንሽ ይወርዳል፤ ጋሼ ይህን ሳይናገሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ስለ ናዝሬቱ ጉዞ ጠየቁ፤ የት ጋ ቆመህ ነበር፣ ስንት ሰው ጭነህ ነበር፣ ዳገቱ ላይ ጀመረች ወይስ ከተማ ስትገባ። አባቴ ፍርድ ቤት የቀረበ እስኪመስለው ድረስ። ሌላ ጋራዥ ቢሆን በዚህ ጊዜ ማርሚታው መሬት ላይ ነበር።

ከዚያ ተነሡ። ከኪሳቸው የተጨማደደ አንድ ብር አውጥተው በሁለት ጣት ይዘው ከማርሚታው አፍ ፊት አስጠጉት። ብሩ በእኩል ምት ወደ ውጪ ተርገበገበ። ወደ ቱቦው እየተሳበ ቢመለስ ኖሮ አንዱ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም ማለት ነበር። ብሩን አጥፈው መልሰው ከተቱት። ኮፋኖው ተከፈተ። የካንዴላ ገመዶቹን በደረቅ ጨርቅ እየያዙ አንድ በአንድ ነቀሉ፤ እያንዳንዱ ሲነቀል ሞተሩ እኩል ተንገዳገደ። አራቱም ሲሊንደሮች ይሠራሉ ማለት ነው። አሁን ጣታቸውን ካርቡራተሩ ላይ ወዳለው የነዳጅ ማንሻ ሰደዱና ቀስ ብለው ከፍ አደረጉት። ዝርርሩ ጠፋ። ለቀቁት፤ ተመለሰ። ደግመው ከፍ፣ ደግመው ዝቅ። ድምፁን እንደፈለጉ ሲጠሩትና ሲያሰናብቱት አየሁ። አባቴ ሊናገር ሲል እጃቸውን አነሡበት።

ረጅሙን ካቻቢቴ አመጡ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ፊት ካለው አጥንት ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቴስታታውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ዲናሞውን፣ ከዚያ ወርደው ሞተሩ የሚያርፍበትን የሻንሲ ብረት አዳመጡ። እኔንም ጠሩኝ። ሞተሩ ላይ ሲሆን በካቻቢቴው በኩል የሚመጣው የተሰበጣጠረ ትክትክታ ነው። ብረቱ ላይ ሲሆን ግን ያው በመቀመጫው በኩል ወደ ወገባችን ሲገባ የኖረው ድም ድም ነበር፤ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ሞተር ከሻንሲ ጋር በጎሚኒ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። ያ ድምፅ እዚያ መድረስ አልነበረበትም።

ጋሼ ክሪክ አስመጡ። ክሪኩ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት አስቀምጠው ከሞተሩ የዘይት ገንዳ ስር አስገቡት። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ክዳኗም እየዘፈነች ናት። ረዳታቸው አንድ ጊዜ ጫን አደረገ፤ እንጨቱ ገንዳውን ነካ። ሌላ ትንሽ። ሞተሩ የጣት ውፍረት እንኳ አልተነሣም፤ ቀጭኑም ወፍራሙም ባንድ ላይ ዝም አሉ። ግቢው ውስጥ የቀረው የሞተሩ ትክትክታ ብቻ ነው። ክሪኩ ወረደ፤ ሁለቱም ተመለሱ።

ከስር ገብተን ስናይ የጭስ ማውጫው ባለበት ጎን ያለው የሞተር ጎሚኒ ጎማነቱን ትቶ ነበር። በዘይት ርሶ አብጧል፣ ለስልሷል፣ ከመሃሉ ተሰንጥቆ ብረት ከብረት ገጥሟል። ዘይቱ ከየት መጣ? ጋሼ ጣታቸውን በሞተሩ ጎን ሽቅብ እየጎተቱ ጥቁሩን መስመር ተከትለው ቴስታታው ክዳን ጋ ደረሱ። ካምሻፍቱ እዚያ ላይ ሲዞር ዘይት ይረጫል፤ የክዳኑ ጓርኒሲዮን ደርቆ ስለነበር በጠርዙ በኩል ያልብ ነበር። ጠብታዋ ሞተሩን ተከትላ ወርዳ ስንት ጊዜ ጎሚኒው ላይ ስታርፍ እንደከረመች እንጃ። ጎሚኒው ሲሞት ሞተሩ በአንድ ጎኑ ሻንሲው ላይ ተኛ፤ ሻንሲው ወለሉን ነቀነቀ፣ ወለሉ ክሩስኮቱን፣ ክሩስኮቱ ክዳኗን። ክዳኗ ከሌቦቹ ሁሉ የመጨረሻዋ ናት፤ የታሰረችው ግን እሷ ብቻ ነበረች።

ጥገናው ወሬ የለውም። ጎሚኒው ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቆች ተገዛ፣ ጓርኒሲዮኑም እንዲሁ። ጋሼ መጨረሻ ላይ ካርቡራተሩ ላይ ያሉትን ሁለቱን ብሎኖች፣ አንዱን ለዙሩ ሌላውን ለድብልቁ፣ እያዳመጡ አስተካከሉና ሚኒሞውን ለዚህ ከተማ አየር አበጁት። አባቴ በዚያው ምሽት ጋዜጣውንና ካርቶኑን ከክሩስኮቱ ስር ሲያወጣ ቆየ። እናቴ «ጠበሉ ሠራ?» አለችው።

ስለ ድሮ መካኒኮች ሲወራ «ጆሮ ነበራቸው» ይባላል። አልስማማም። ጋሼ በዚያን ጊዜ ከፍ አድርገው ካልነገሯቸው የማይሰሙ ሰው ነበሩ፤ ካቻቢቴውን አጥንታቸው ላይ የሚያስደግፉትም ለዚሁ ነው። የነበራቸው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ በምን እንደሚጠፋ፣ ከዚያ ከየት እንደሚነሣ፤ ብሎን መፍታት ከዚህ ሁሉ በኋላ። ሌሎቹ ጋራዦች ጥሩ ጆሮ ያላቸው ወጣቶች ነበሯቸው፤ ወጣቶቹ የሰሙትን ሁሉ ፈቱት።

ይህን ቅደም ተከተል ከዓመታት በኋላ ስልክ ላይ ሞክሬዋለሁ። ቨርጂኒያ የሚኖር ዘመዴ አሮጌ ቶዮታ አለው፤ መብራት ላይ ሲቆም ከስር እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል ብሎ ደወለ። ዕቃ ሊያዝዝ ነበር። መቼ ነው አልኩት። ሲቆም። ነዳጅ ትንሽ ሲነካስ? ይጠፋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ከስር ገብተህ ቱቦውን በቡጢ ምታው አልኩት። መታው፤ ያው ድምፅ። እዚያ አገር በክረምት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው የሙቀት መከላከያውን ላሜራ ብሎኖች በልቷቸው ላሜራው ተንጠልጥሎ ነበር። በሰፊ የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት አሰረው፤ አለቀ። በሱ መኪና የሚጮኸውም ጥፋተኛውም አንድ ነበሩ። እንዲህም ያጋጥማል፤ ግን ሳይጠይቁ አይታወቅም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ መኪና ሲቆም ሞተሩም ይቆማል፤ ሚኒሞ የሚባል ነገር የለውም። ልጄ ይህን ድምፅ ሳታውቀው ልታድግ ትችላለች፤ የሚያስቆጭ አይደለም። የአባቴ ላዳ ብትናፍቀኝም ድምፁ አይናፍቀኝም። ግን ዛሬም መንገዱ በአሮጌ ኮሮላና ቪትዝ የተሞላ ነው፤ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ።

እንግዲህ መኪናችሁ ቆማ የምታንጎራጉር ከሆነ፣ ከሶማሌ ተራ በፊት ሜዳ ቦታ አቁማችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዛችሁ፣ ነዳጁን በጣም ትንሽ ንኩት። ድምፁ ከጠፋ ሚኒሞውን አስለኩ። ከዚያ መካኒካችሁ ክሪኩ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት አድርጎ ሞተሩን በስሱ እንዲደግፈው ጠይቁት፤ በዚያ ዝም ካለች ጎሚኒው ነው። ጎሚኒውን ስታስቀይሩ የቴስታታውን ክዳን ጓርኒሲዮንም አሳዩት፤ ዘይት የሚያልብ ከሆነ አዲሱንም ጎሚኒ ይበላዋል።